ይሉኝታ የማያሲዝ አልጋ

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከጣርማ በር ሥር የተቀመጠች የመንገደኛ ከተማ ናት። ወደ ወሎ የሚወርደውም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውም በእሷ በኩል ያልፋል፤ ጉሟ፣ ብርዷና ቆሎዋ ከስሟ ጋር አብረው ይነሣሉ። የሚከተለው ምልልስ የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛዋ በከተማዋ አልጋ እያከራዩ ልጆች ያሳደጉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው እናት ናቸው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄዶ የሆቴል ሥራ ተምሮ፣ በአባቱ ግቢ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍት የተመለሰ ወጣት ነው። የቁርሱ ግርግር አልፎ የአዳር እንግዳ ገና ሳይመጣ፣ በእትዬ በረንዳ ተቀምጠው ይነጋገራሉ።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ማረፊያ ልሠራ ነው። ግድግዳው የአገራችን ድንጋይ፣ ጣሪያው የጓሳ ሣር፣ መሐሉ ላይ ቡና የሚፈላበት ጎጆ። ሰው ገና ሲገባ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ መሆናችንን እንዲያይ እፈልጋለሁ።

እትዬ፦ እግዜር ያሳካልህ። ውኃውስ?

ወጣቱ፦ ቧንቧ ገብቷል።

እትዬ፦ ቧንቧማ እኔም ጋ ገብቷል። ውኃው የሚመጣው መቼ መቼ ነው?

ወጣቱ፦ ሮቶ እገዛለሁ፤ እሱ አያሳስብም። እኔን የሚያሳስበኝ አቀባበሉ ነው። ሕንፃማ የትም አለ። እኛ ጋ ያለው የሰው ፍቅር፣ ቡናው፣ ጉርሻው ነው። ሰው ይህን ፈልጎ ነው የሚመጣው።

እትዬ፦ ወደ እኔ የሚመጣው መሽቶበትና ደክሞት ነው። ፊቱን መታጠብ፣ ጫማውን ማውለቅ፣ በሩን ዘግቶ ጋደም ማለት ይፈልጋል። አንተ ቡና ይዘህ ስትጠብቀው እሱ ሽንት ቤቱን በዓይኑ እየፈለገ ነው።

ወጣቱ፦ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባል የለም እንዴ?

እትዬ፦ ይባላል፤ ልክም ነው። ግን ፍትፍቱ ሲቀርብ ነው። ባዶ ሞሰብ ከፍቶ ፈገግ ማለትን ማንም አልመከረም።

ወጣቱ፦ እንግዳ ተቀባይነታችንን ሊያጣጥሉት ነው መሰለኝ።

እትዬ፦ እንዴት አጣጥለዋለሁ? በእሱ ነው ያደግሁት። እናቴ ቤት፣ ማታ ከአጥር ውጭ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ በር ይከፈታል። እግሩ ይታጠባል፣ ያለችው እንጀራ ትቀርባለች፣ መደቡ ይለቀቅለትና እኛ ልጆቹ መሬት ቁርበት ላይ እንተኛለን። ሆቴል ባልነበረበት አገር ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ባለጉዳዩ ከቦታ ቦታ የሄደው በዚህ ነው። ግን ልጠይቅህ፤ ያ እንግዳ ወጡ ጨው ቢበዛበት ምን ይላል?

ወጣቱ፦ ምን ይላል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይበላል እንጂ።

እትዬ፦ ቁንጫ ሲበላው ቢያድርስ?

ወጣቱ፦ ጠዋት «ደኅና አደርኩ» ይላል።

እትዬ፦ እንቅልፍ እያዳፋው አባወራው ጨዋታ ቢያመጣስ?

ወጣቱ፦ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።

እትዬ፦ በነፃ አደረ እንላለን እንጂ ከፍሏል። በትዕግሥትና በይሉኝታ ነው የከፈለው። ሰው ቤት አድሮ ማማረር ነውር ስለሆነ የሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። አልጋ ቤት የመጣው ሰውን ከዚህ ዕዳ ሊያወጣው ነው። ገንዘቡን ይከፍላል፤ ይሉኝታውን ከበር ውጭ ይተወዋል። ውኃ ቢጠፋ ይናገራል። አንሶላው ቢያስጠላው ቀይሩልኝ ይላል። ጨዋታ ብታመጣበት «ደክሞኛል» ብሎ በሩን ይዘጋል። ይህን መብት ነው የምንሸጥለት፤ አልጋውማ ምን አለው? ብረትና ስፖንጅ ነው።

ወጣቱ፦ ሁለቱን ማዋሃድ አይቻልም? ክፍያውም ፍቅሩም ይኑር።

እትዬ፦ ይቻላል። ብዙዎቻችን ግን የምናዋህደው ለራሳችን በሚመቸን በኩል ነው። ብር ስንቀበል ሆቴል ነን፤ ውኃ ሲጠፋ ዘመድ ቤት እንሆናለን። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ መቀርቀሪያው አልዘጋ ብሎ እንግዳው ሲናገር «እንደ ቤትዎ ይዩት» እንላለን። ሰውየው በይሉኝታ ዝም ይላል፤ እኛ ደግሞ ደስ ብሎት ያደረ ይመስለናል። በዓመቱ ሲመለስ ግን ሌላ ቤት ነው የሚገባው።

ወጣቱ፦ ታሪካችንስ? ስለዚህ አካባቢ ያነበብኩት ትዝ ይለኛል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲመጣ ድርጎ እየተሰፈረለት ነው የተቀመጠው። እንግዳን ማስተናገድ ከጥንት የምናውቀው ሙያ ነው።

እትዬ፦ ድርጎው ከየት ይመጣ ነበር?

ወጣቱ፦ ከንጉሡ።

እትዬ፦ ከንጉሡ የሚመጣው ትእዛዙ ነው። እንጀራውና በጉ ከገበሬው ነው። የንጉሥ እንግዳ በመጣ ቁጥር ገበሬው ወደደም ጠላም አብልቷል። እንግዳው «ምን ዓይነት ቸር አገር ነው» እያለ ያልፋል፤ ባላገሩ የጎደለበትን ይቆጥራል። ስለ እንግዳ ተቀባይነት ሲወራ ከማን ጓዳ እንደወጣ መጠየቅ ደግ ነው። ድርጎ ዛሬም አለ፤ ስለ ሹፌሮቹ ስናወራ እነግርሃለሁ።

ወጣቱ፦ እንግዲያው የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል ላንሣ። ሲከፈት ሰው በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር አይቶ ሸሸው ይባላል። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አስለመዱት እየተባለ ይተረካል።

እትዬ፦ እሱን ታሪክ እወደዋለሁ። ግብር ላይ የተጠራ ሰው በተመደበለት ቦታ ተቀምጦ የቀረበለትን ይበላል፤ ማማረጥ የለም። ሆቴል የገባ ግን «ይህን ተዉት፣ ያንን አምጡልኝ» ይላል። መኳንንቱ ነውር የመሰላቸው ነገር ለተራው ሰው ነፃነት ሆነ። ቡና ቤት ገብቶ በገንዘቡ የፈለገውን የሚያዝዝ ገበሬ ከማንም አያንስም። በል ተነሣ፣ ክፍል ላሳይህ።

(ተነሥተው ወደ አንዱ ክፍል ይገባሉ።)

እትዬ፦ አንሶላውን ግለጠው። ፍራሹንም አንሣ። ስፌቱ ላይ ምን ታያለህ?

ወጣቱ፦ ምንም።

እትዬ፦ ምንም ማየት የለብህም። ትኋን የሚገባው በስፌቱና በአልጋው መጋጠሚያ ነው። የእንጨት አልጋ ያምራል፤ ግን መጋጠሚያው ስንጥቅ ስለሆነ መኖሪያ ይሰጠዋል። እኔ ብረት ነው የምገዛው። እንግዳ በወጣ ቁጥር ልጅቷ የስልኳን መብራት አብርታ ስፌቱን ዙሪያውን ታያለች። አንድ ካገኘች ያን ክፍል ዘግተን ፍራሹን ፀሐይ ላይ እናወጣለን፣ ብረቱን በፈላ ውኃ እናጥባለን፤ አልጋው እስኪጠራ አይከራይም። ኪሳራ ነው፤ ግን ትኋን ይዞ ቤቱ የገባ ሰው የት እንዳደረ አይረሳም።

ወጣቱ፦ አንሶላው ነጭ ነው። ቶሎ አይቆሽሽም?

እትዬ፦ ቶሎ እንዲታይ ነው ነጭ የሆነው። አበባ ያለበት አንሶላ እድፍ ይሸሽጋል፤ የሚሸሽገው ግን ከእንግዳው ብቻ ሳይሆን ከእኔም ነው። የደብረ ሲናን ጉም ታውቀዋለህ፤ ክረምት ላይ የታጠበ አንሶላ ለቀናት አይደርቅም። እሳት ዳር ብታሰጣው ጭስ ጭስ ይሸታል። ስለዚህ ለአንድ አልጋ ሦስት አንሶላ አለኝ፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት፣ አንዱ ቁም ሣጥን።

ወጣቱ፦ ትምህርት ቤት «ፓር ስቶክ» ብለው ያስተማሩን ይህንን ነው! እነሱም ሦስት ነው የሚሉት።

እትዬ፦ እኔን ያስተማረኝ ጉም ነው። ቁም ሣጥኑን ክፈተው ደግሞ።

ወጣቱ፦ ብርድ ልብስ ነው፤ የደብረ ብርሃን። አልጋው ላይ እኮ ሁለት አለ።

እትዬ፦ ሦስተኛው ሌሊት ለሚበርደው ነው። ድሮ ከእኔ ክፍል ነበር የሚቀመጠው፤ የበረደው ሰው መጥቶ ያንኳኳ ነበር። ኋላ ሳየው የሚያንኳኳው ሁለት ሰው ከሆነ አምስቱ ተቆራምዶ ነው የሚያድረው። በዚህ ሰዓት ሰው አልቀሰቅስም ብሎ፣ ይሉኝታ ይዞት። እንግዳ እንዲጠይቅህ አትጠብቅ። ሳሙናው፣ ሶፍቱ፣ ነጠላ ጫማው፣ የመጠጥ ውኃው፣ መብራት ሲጠፋ የሚለኮሰው ሻማ ከነክብሪቱ፣ ሁሉም ሳይጠየቅ ክፍሉ ውስጥ ይገኝ። የምታስተናግደው ያልጠየቀህንም ጭምር ነው።

ወጣቱ፦ ሙቅ ውኃስ?

እትዬ፦ መብራት ካለ በማሞቂያው፤ ከሌለ በባልዲ። አውቶቡሱ የሚነሣው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ በዚያ ብርድ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ የሚወጣ ሰው ክፉ ስንብት ነው የተሰናበተው። ዘበኛው ቀድሞ ተነሥቶ እሳት ያነድዳል፣ በየበሩ ባልዲ ያስቀምጣል፣ ሁለቴ አንኳኩቶ ይሄዳል። ደሞ ፈረንጅ ሲመጣብህ ሰዓቱን አጣራ። «በ12 ቀስቅሱኝ» ካለህ የእሱ 12 እኩለ ሌሊት ወይም ቀትር ነው፤ የአንተ ግን ጎሕ ሲቀድ ነው። ጽፈህ አሳየውና በጣቱ ያረጋግጥልህ።

ወጣቱ፦ ወደ ምግቡ እንምጣ። እኔ የባህል ምግብ ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ዶሮው።

እትዬ፦ ረቡዕና ዓርብስ? ሁዳዴስ? ነሐሴ ላይ ፍልሰታስ? ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ጾመኛ ገብቶ ዱለት የተከተፈበት ቢላ ለሽንኩርቱ ሲያገለግል ካየ ተመልሶ ይወጣል፤ ባያይ ደግሞ ኃጢአቱ የአንተ ነው። የጾም ድስትና ቢላ ለብቻ ይሁን። ከዚህ ወደ ታች ከሚሴ ነው፣ ደሴ ነው፤ እስላሙ መንገደኛ ብዙ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ለእስላም፣ የእስላም ሥጋ ለክርስቲያን አይቀርብም። «ሥጋው የማን ነው?» ሲልህ የምትመልሰው እውነቱን ነው። እኔ ለእስላም እንግዳ ከእስላም ሉካንዳ አስመጣለሁ፤ ድስቱም ሳህኑም የራሱ ነው። ያ ባይመቸኝ ሽሮና ምስር አቀርብለታለሁ፤ አላታልለውም።

ወጣቱ፦ ትንሽ ቤት ይዘው ይህን ሁሉ ድስት!

እትዬ፦ ረመዳን ላይ ለሱሑር የሚቀሰቀሰውም አለ። ያደረበትን ክፍል መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጌ ዘበኛው ያንኳኳለታል። ብዙ ወጪ አይደለም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡን ይዞ ሲመጣ ሌላ ቤት አይጠይቅም።

ወጣቱ፦ አሁን ወደ ሹፌሮቹ ይምጡ። ድርጎ አሉኝ።

እትዬ፦ አውቶቡስ ቁርስ የሚያቆምበትን ቤት ማን ይመርጣል?

ወጣቱ፦ ሹፌሩ።

እትዬ፦ ሹፌሩና ረዳቱ እዚያ ቤት ሒሳብ ይከፍላሉ?

ወጣቱ፦ በነፃ ነው የሚበሉት። የመንገዱ ልማድ ነው።

እትዬ፦ ምግቡ ግን በነፃ አልተሠራም። ሳህናቸው ላይ የተቆለለው ጥብስ ከኋላ በተቀመጠው መንገደኛ ፍርፍር ላይ ተጨምሮ ይከፈላል። ሌላ ቤት ሄዶ እንዳይበላ አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል። ይኼው ነው የዛሬው ድርጎ፤ ትልቁ ይጋበዛል፣ ትንሹ ይከፍላል። እኔ ሹፌርን ከመንገደኛው እኩል አስከፍላለሁ። አውቶቡስ የሚያቆምብኝ ጥቂት ነው፤ ይህን አልደብቅህም። የምኖረው በራሳቸው ፈልገው በሚመጡት ነው፦ በነጋዴው፣ በመምህሩ፣ በከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ለመስክ ሥራ አበል ይዞ በሚወጣው ሠራተኛ።

ወጣቱ፦ አበል የያዘው ደግሞ ደረሰኝ ይጠይቃል።

እትዬ፦ አንዳንዱ ከከፈለው ከፍ አድርገሽ ጻፊልኝ ይላል። አልጽፍም። የጻፍክለት ቀን ወዳጅህ ይመስልሃል፤ ግን መዋሸትህን አይቷልና የእሱንም ሒሳብ ሲጠራጠር ይኖራል። ከሁሉ በፊት የምታጣው መታመንህን ነው።

ወጣቱ፦ የውጭ ዜጋውስ? እጥፍ ማስከፈል በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። እሱ አቅሙ አለው።

እትዬ፦ አንድ አልጋ ሁለት ዋጋ የለውም። ፈረንጁን ይዞት የመጣው አስጎብኚ ከጎኑ ክፍል ነው የሚያድረው፤ ማታ ላይ ስንት እንደከፈለ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ቡናህን ብታፈላለት፣ ብታጎርሰው አያምንህም። የጉርሻው ዋጋ ስንት እንደሆነ ነው የሚያስበው። አቅሙ ካለው ተጨማሪ ነገር ሽጥለት፦ የምሳ ስንቅ፣ በቅሎ፣ መንገድ መሪ። ዋጋውን ግን በትልቅ ፊደል ጽፈህ ግድግዳው ላይ ስቀል፤ ሲመሽም ሲነጋም አይለወጥ። ለጥምቀት እጨምራለሁ ካልክም ጭማሪውን አስቀድመህ ጻፈው።

ወጣቱ፦ ደላሎችና አስጎብኚዎች ኮሚሽን ይጠይቃሉ። የኢንተርኔት ቦታ ማስያዣዎቹም የራሳቸውን ይቆርጣሉ።

እትዬ፦ የሚቆርጡትን ከራስህ ትርፍ ቁረጥ እንጂ እንግዳው ላይ አትጫን። አልጋ ከሽንኩርት ይከፋል፤ ሽንኩርት ለነገ ይቆያል፣ ዛሬ ሌሊት ያልተከራየ አልጋ ግን ነገ ሁለት ጊዜ አይከራይም። ባዶ ከሚያድር ኮሚሽን ቢከፈልበት ይሻላል። ግን መጀመሪያ ሒሳብህን እወቅ። እጥበቱ፣ ከሰሉ፣ መብራቱ፣ ደመወዙ፣ የሚቀደደው አንሶላ፣ የሚጠፋው ቁልፍ፤ እነዚህን ሳትጽፍ በኪስህ የገባው ብር ሁሉ ትርፍ ይመስልሃል። ቴሌብር ይዘህ አሁን እንኳ መመዝገቡ ቀሎልሃል።

ወጣቱ፦ እንግዳ የሚመጣበት ወቅትስ?

እትዬ፦ ክረምቱ ቀዝቃዛ ነው። ከመስከረም በኋላ ሰው ይወጣል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ። የሁሉም ጌታ ግን መንገዱ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከተማችን ትጾማለች። ጥሩ ወር ላይ ያገኘኸውን ጥሩ ወር ላይ ከጨረስከው መንገዱ በተዘጋ በሳምንቱ ሠራተኛ ታሰናብታለህ።

ወጣቱ፦ ሠራተኛን ካነሡ፣ እኛን ያስተማሩን «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለው ነው።

እትዬ፦ ንጉሥ የሆነበት ቦታ ክፍሉ ነው፤ ልጆቼ ላይ አይደለም። አልጋ የምታነጥፍ ልጅ ከገጠር ትመጣለች፤ ሰክሮ የገባ እንግዳ እንደ ክፍሉ ዕቃ ሊያያት ይፈልጋል። እኔ ቤት ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ወደ ክፍል የሚሄደው ዘበኛው ነው እንጂ ልጅቷ አይደለችም። እጁን ያነሣባት ገንዘቡ ተመልሶለት ይወጣል። ደመወዟን በጉርሻ አታስተካክል። ጉርሻ የእንግዳው ፈቃድ ነው፣ ደመወዝ የአንተ ዕዳ ነው። የተራበች ልጅ ጥሩ ፊት አታሳይህም፤ ብታሳይም ከልቧ አይደለም። እንግዳም ይህን ያውቃል።

ወጣቱ፦ መዝገቡ ላይ መታወቂያ መመዝገቡ ግድ ነው?

እትዬ፦ ግድ ነው፤ ሕግ የጠየቀውን ታሳያለህ። ከዚያ ውጭ ማን መጣ፣ ከማን ጋር አደረ፣ ስንት ሰዓት ገባ የሚለው ወሬ ከግቢህ አይውጣ። ትንሽ ከተማ ውስጥ አልጋ ቤት የሚዘጋው በትኋን ብቻ አይደለም፤ በምላስም ይዘጋል።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሁሉን በሒሳብ ይለኩታል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚህ አካባቢ ሲደርስ፣ ከዚያ በፊትም የአጣዬ ሰው ተፈናቅሎ ሲመጣ እርስዎ በር ከፍተው እንዳስተኙ ሰፈሩ ያወራል። ዋጋው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አልነበረም?

እትዬ፦ ያን ጊዜ አልጋ ቤት አልነበርኩም። እናት ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማ «የመሸበት እንግዳ» እንኳ ለማለት አቅም ሲያጥራት ዋጋ አይነገራትም። ፍራሹን ሁሉ መሬት አወረድነው፤ ሴቱ ከነልጁ ክፍል ውስጥ፣ ወንዱ በረንዳ ላይ አደረ። መዝገብ አልከፈትኩም። እኔ የምልህ የእናቶቻችን ደግነት ይጥፋ አይደለም። መቼ የትኛው እንደሆነ እወቅ ነው የምልህ። መከራ ያመጣው ሰው ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ስጥ፤ ግማሽ ዋጋ እንኳ አትንገረው። ገንዘብ ይዞ የመጣ ሲመጣ ደግሞ የገዛውን ሙሉ በሙሉ አስረክበው። የሚያስነውረው የሁለቱ ቅልቅል ነው፦ የተቸገረውን ማስከፈልና የከፈለውን በይሉኝታ ማሰር።

ወጣቱ፦ ቡናዬን ልተወው ማለት ነው?

እትዬ፦ ለምን ትተወዋለህ? አፍላው። ግን ለመጣ ሁሉ በግድ አትቅዳለት። ረከቦቱ ይዘርጋ፣ ዕጣኑ ይጢስ፤ የፈለገ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ያልፈለገ ክፍሉ ውስጥ ይተኛል። ሦስተኛውን ሳይጠጣ የተነሣውንም «በረካውን ጥለህ» አትበለው። መንገደኛ ነው።

ወጣቱ፦ እንግዳው ከአንድ ሌሊት በላይ እንዲቆይ ያሰብኩትም አለ። ወፍ ዋሻ ደን ቅርባችን ነው፤ ጽዱና ዝግባው ገና አለ። ጣርማ በር ገደል ላይ ጭላዳው በመንጋ ይሰማራል። አንኮበር ታሪኩም አለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ወፍ ለማየት የሚመጣም አለ። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮው አለ።

እትዬ፦ ይኼ ጥሩ ሐሳብ ነው። ከሁሉ የጓሳን ሰዎች ተመልከት። ሣሩን ማን መቼ እንደሚያጭድ በራሳቸው ሥርዓት ወስነው ለዘመናት ጠብቀውታል፤ አሁንም ማረፊያው የማኅበረሰቡ ነው። እንግዳው ሲመጣ የሚደሰተው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ጎረቤቱ ድንጋይ ይወረውርበታል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ግቢ አትሰብስብ። እንጀራውን ከእንጀራ ጋጋሪዋ ግዛ፣ ቆሎውን ከልጆቹ፣ በቅሎውን ከባለበቅሎው፤ መንገድ መሪው የደኑ አካባቢ ልጅ ይሁን። ክፍያውን እንግዳው በእጁ ይስጣቸው፤ በአንተ በኩል ይለፍ አትበል። ያኔ ደኑንም እንግዳውንም አብረውህ ይጠብቃሉ።

ወጣቱ፦ ከየት ልጀምር ታዲያ?

እትዬ፦ ከሁለት ክፍል ጀምር። ገንዘብህን ድንጋይ ላይ አታፍስሰው፤ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ጥሩ ፍራሽ፣ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ላይ አውለው። ክፍሉን ከመክፈትህ በፊት ራስህ እደርበት። ሌሊት ሽንት ቤት በጨለማ ሂድ፣ ጠዋት ፊትህን ታጠብ፣ ስልክህን ቻርጅ አድርግ፤ የጎደለውን ያኔ ታውቀዋለህ። ሚስትህን ወይም እህትህን ደግሞ ብቻዋን አሳድራት፤ ሴት ብቻዋን ተማምና ያደረችበት ቤት ማንም ያድርበታል። ሁለቱ ክፍል ሲሞሉና እንግዳው ሲመለስ ሦስተኛውን ሥራ።

ወጣቱ፦ እንግዳው መርካቱንስ በምን አውቃለሁ? ሲያመሰግን?

እትዬ፦ በምስጋና አትለካው። የእግዜር እንግዳም አመስግኖ ነው የሚሄደው፤ ቁንጫ ሲበላው አድሮም ያመሰግናል። ሲያማርርልህ ደስ ይበልህ፤ ጎደለኝ ያለህ እንግዳ እንዳልፈራህ አውቀሃል ማለት ነው፤ አስተካክለህ ይቅርታ በለው። ሒሳቡን ከፍሎ ቀና ብሎ ከወጣ ለማንም ባለዕዳ አይደለም። አመስጋኝ ሆኖ ቢወጣ መልካም፤ ሳያመሰግን ቢወጣም አትቀየመው። የገዛውን አግኝቷል፤ አንተም ሙያህን ሠርተሃል።